የአፍሪቃ ቫዮሌት በጎጃም ቤት፤ ስለ አያያዙ አጭር ማብራሪያ

በገበዝ ማርያምም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በቤት ደጃፍ የሚተከለው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም ያለው ነው። ጤና አዳም ለቡናና ለመድኃኒት፣ በሶብላ ለበርበሬና ለሽሮ፣ አሪቲ ለሽታው ይተከላል። ለአበባው ውበት ብቻ፣ ያውም ከቤት ውስጥ የሚያዝ ተክል ግን እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ አክስቴ ከአዲስ አበባ አንድ የአፍሪቃ ቫዮሌት በተላከላት ጊዜ እንደ ጤና አዳሟ ከፀሐይ አውጥታ ጧትና ማታ ውሃ አጠጣችው። ብዙም ሳይቆይ ሥሩ በስብሶ ሞተ። እርሷም «የኔ እጅ ለአበባ አይሆንም» ብላ ተወችው። ጥፋቱ የእጅ ሳይሆን የተክሉን ጠባይ ካለማወቅ የመጣ መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ተክሉ የምሥራቅ አፍሪቃ ተወላጅ ነው። በዛሬዋ ታንዛኒያ በኡሳምባራ ተራሮች የጀርመን ሹም የነበረው ባሮን ዋልተር ፎን ሴንት ፖል በ1892 እ.ኤ.አ. ገደማ አግኝቶ ጀርመን አገር ወዳለው አባቱ ላከው። በሐኖቨር የሄረንሃውዘን አትክልት ኃላፊ የነበረው ሄርማን ቬንድላንድም በ1893 ሴንትፖሊያ ብሎ ሰየመው። በ2015 የዕፀዋት ሊቃውንት ስትሬፕቶካርፐስ ከሚባለው ወገን ደምረውታል። ቫዮሌት መባሉ የአበባው መልክ ስለሚመስል ነው እንጂ ከእውነተኛው ቫዮሌት ጋር ዝምድና የለውም። በተፈጥሮው የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር፣ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጥቂት አፈር ይዞ ነው። አያያዙም ይህንኑ የሚከተል ነው።

ብርሃን፦ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ጨለማ ደግሞ አበባውን ይከለክላል። ለስላሳ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት ይስማማዋል። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ከሆነና ጢስ ካለ አይለማም። ቅጠሉ ፀጉራም ስለሆነ ጥላሸትና አቧራ ይይዛል፤ ይህንንም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል።

ውሃ፦ የላይኛው አፈር በጣት ሲነካ ደረቅ ካልሆነ ማጠጣት አያስፈልግም። ይልቁንም ከሥሩ ቀዳዳ ያለውን ጣሳ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ የተረፈውን መድፋት ይሻላል። የእንስራ ውሃ ከቤቱ አየር ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠሉ ላይ ሲፈስ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ በሌላ ዕቃ ቀድቶ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ማቆየት ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ይቀነሳል።

አፈርና ሙቀት፦ ከደን የተወሰደ ልል አፈር ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበቃዋል፤ መረሬ አፈር ውሃ ስለሚይዝ ይገድለዋል። ጣሳውም ትንሽ ይሁን። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ይስማማዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ከመስኮቱ ራቅ ማድረግ ያሻል።

ማባዛት፦ አንድ ጤነኛ ቅጠል ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ከሚሆን አገዳው ጋር ተቆርጦ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ሲተከል በአንድ ወር ገደማ ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ትናንሽ ችግኞች ከሥሩ ይበቅላሉ። ስለዚህ አንድ ተክል ያላት ሴት ለጎረቤቶቿ ሁሉ ልታካፍል ትችላለች።

በመጨረሻ ላሳስብ የምወደው አንድ ነገር አለ። ይህ ተክል በዓለም ሁሉ በየመስኮቱ ሲበዛ፣ በተወለደበት በኡሳምባራ ግን ደኑ ለሻይ ተክልና ለእርሻ እየተመነጠረ ከዘመዶቹ ብዙዎቹ ለመጥፋት ተቃርበዋል። በጎጃምም እርሻው በገፋበት ቦታ ሁሉ የአገር ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በዚያ በዝግባውና በወይራው ጥላ ሥር ምን ዓይነት ትናንሽ ተክሎች እንዳሉ ለይተን ብንመዘግብ፣ የራሳችንን አበባ ሌላ ሰው ሰይሞ እስኪልክልን አንጠብቅም። አክስቴም ከአንድ ቅጠል የበቀለ ችግኝ እንደገና ተቀብላለች፤ በዚህ ጊዜ ግን ያስቀመጠችው በምሥራቅ መስኮት አጠገብ ነው።