«ለአንድ ሰዓት ብቻ ያዢልኝ»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ከተንኳኳ ማን እንደሆነ ሳልከፍት አውቃለሁ። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ናት። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ደግሞ ለፀጉር ቤት ዋና የሥራ ቀን ነው። ባሏ ሾፌር ስለሆነ ክፍለ ሀገር ነው፤ እናቷ ደሴ ናቸው። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጇ (እዚህ ላይ ማሙሽ እንበለው) ብስኩቱን ይዞ ከጎኗ ቆሟል። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ያዢልኝ» ትለኛለች። አንድ ሰዓት ያለችው የምሽቱን አንድ ሰዓት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የጓደኛ ልጅ መያዝ ምን ችግር አለው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

በመጀመሪያ እናቶች ወደ ጓደኛ የሚሮጡት ወደው አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣታል፤ ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። የእናትየው ፈቃድ ሲያልቅ ልጁ ገና ተደላድሎ እንኳን አይቀመጥም። መዋዕለ ሕፃናት እስኪገባ ያሉት ዓመታት የሚሸፈኑት በአያት፣ በሠራተኛ ወይም በግል ማቆያ ነው። አያት ሩቅ ከሆኑ፣ ሠራተኛዋ ከወጣች፣ የማቆያው ክፍያ ከደመወዝ ጋር ከተፎካከረ የሚቀረው ማነው? ቅዳሜ ክፍል የሌላት ተማሪ ናታ!

ከልቅሶው እንጀምር። ሕፃናት ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ ከእናታቸው ሲለዩ መጨነቅ ይጀምራሉ፤ ለብዙዎቹ እስከ ሁለተኛው ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ ማሙሽ ሌላ ነገር ሲያይ ተደብቃ ነበር የምትወጣው። ይሄ ለእናትየው ይቀላል፣ ለያዢው ግን መከራ ነው። ልጁ ዞር ብሎ ሲያጣት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ከበር ጀምሮ ቀሚሷን አይለቅም። አሁን «ሥራ ልሄድ ነው፣ ሲመሽ እመጣለሁ» ብላው ትሄዳለች። ያለቅሳል፤ ግን ቶሎ ይተወዋል።

ሁለተኛው የቤቱ ጉዳይ ነው። ልጅ ያላት ሴት ቤቷን ቀስ በቀስ ለልጁ አመቻችታዋለች። የእኔ ክፍል ግን ወለሉ ላይ ከሰል ምድጃ፣ አልጋው ሥር በረኪና በሃይላንድ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆሎ ያለበት ነው። ቆሎና ለውዝ ለትንሽ ልጅ ያንቃል፤ አራት አምስት ዓመት እስኪሞላው ባይሰጠው ይመረጣል። በረኪናን በውኃ ዕቃ ማስቀመጥ ደግሞ ልጅን ጠጣ እንደማለት ነው። ከጠጣም እንዲያስመልሰው ጣት መክተት ጉዳቱን ያብሳል፤ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ለእኔ የከበደኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ በልጁ ላይ ምን ሥልጣን አለኝ? በእናቶቻችን ጊዜ ጎረቤት የሰፈሩን ልጅ ያበላል፣ ሲያጠፋም ይቆነጥጣል፤ የሚቀየም የለም። ዛሬ የሰው ልጅ መቆንጠጥ ቀርቶ መቆጣትም ያስፈራል። (መቆንጠጡ መቅረቱ ደግ ነው።) ታዲያ ሲያስቸግር ምን ላድርገው? እናቱ ከረሜላ አትስጪው፣ ስልክም አታሳዪው ብላለች። የቀሩኝ እነዚያ ሁለቱ ነበሩ እኮ! እኔም በድብቅ እሰጠው ጀመር። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ ከእናቱ መደበቅ ለመድኩ።

አንድ ቅዳሜ እንግዳ መጥቶብኝ ቡና አፈላሁ። ዞር ከማለቴ ማሙሽ ስኒውን ሳበው፤ ትኩሱ ቡና እጁ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤታችን የጥርስ ሳሙና ቀቢው አሉኝ፣ ቀባሁት። ስህተት ነበር። የተቃጠለን ቦታ ቶሎ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሃያ ደቂቃ ያህል ማቆየት እንጂ የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይቀባም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። እናቱ ማታ ስትመጣ «ምን ሆነ?» አለች። «ግድግዳ ቧጨረው» አልኳት።

ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን በደንብ አላውቅም። ደክሟት ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ አይናገርም ብዬም ይሆናል። ማሙሽ ግን ማታውኑ «ቡና አቃጠለኝ» ብሎ ነገራት።

ሁለት ወር በሬ አልተንኳኳም። ስንገናኝ የነገረችኝ «ቃጠሎ እኔም ቤት ይደርሳል፤ ከአንቺ ይልቅ ልጄን ማመኔ ነው ያሳዘነኝ» ብላ ነው። ቁጭ ብለን ከዚያ በፊት ያልተነጋገርነውን ተነጋገርን፤ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ፣ ሲያጠፋ ምን ማለት እንደምችል፣ የማልችልበት ቀን ካለ ዐርብ ማታ እንደምነግራት። ስልኩን ለሃያ ደቂቃ ፈቀደችልን። ከረሜላውን አልፈቀደችም።

ባለፈው ቅዳሜ ማሙሽ ሲሮጥ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨ። ወዲያው ደወልኩላት። የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ይጮሃል።

«አለቀሰ?» አለችኝ።

«አዎ፣ በደንብ።»

«አስመለሰው? ድብን ብሎ ሊተኛ ይፈልጋል?»

«ኧረ ብስኩት ስጪኝ እያለ ነው።»

«በይ ስጪውና ድምፁን አሰሚኝ» አለች።