ቪዲዮን ስለ ማመቅና ስለ ማስተላለፍ፤ ክፍት ኮድ ያላቸው መሣሪያዎች

በዚህ አጭር ጽሑፍ ቪዲዮ እንዴት እንደሚታመቅና ለዚሁ የሚያገለግሉት ክፍት መሣሪያዎች ከምን እንደ ተነሡ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ሰጥተን በሴኮንድ 25 ሥዕል ብናሳይ፥ በየሴኮንዱ 1,244 ሚሊዮን ቢት ያኽል መላክ ሊኖርብን ነው። ይኸም ከተራ የኢንተርኔት መስመር ዐቅም በላይ ስለሆነ ማመቅ አስፈለገ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መምህር በሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ሰሌዳው ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው የመምህሩ ፊትና እጅ ነው። ስለሆነም መሣሪያው የመጀመሪያውን ሥዕል በሙሉ ይይዝና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል፤ ዐይን የማይለየውንም ረቂቅ ልዩነት ይተዋል። በዚህ አኳኋን ቪዲዮው በሴኮንድ ወደ 4 ሚሊዮን ቢት ቢወርድ ከ300 እጅ በላይ አነሰ ማለት ነው። ለማስተላለፍም በየጥቂት ሴኮንዱ ተቈራርጦ በልዩ ልዩ መጠን ይዘጋጃል፤ የተመልካቹም ማጫወቻ ለመስመሩ ፍጥነት የሚስማማውን ይመርጣል።

ይኸን ሁሉ የሚሠራውን ኤፍኤፍኤምፔግን ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2000 ጀመረው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል። ቪዲዮላንም በ1996 በፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን፥ ትምህርት ቤቱ ስለ ፈቀደ ኮዱ በ2001 በነፃ ፈቃድ ወጣ።

ይሁን እንጂ የኮድ ነፃነትና የዘዴ ነፃነት የተለያዩ መሆናቸውን ማስተዋል ያሻል። የቪዲዮላን ኤክስ264 ኮዱ ክፍት ነው፤ ዳሩ ግን በ2003 የወጣው ኤች.264 የተባለው ደንብ የብዙ ኩባንያዎች የፈጠራ መብት ስላለበት ለአንዳንድ አገልግሎት ክፍያ ተጠየቀበት። ስለዚህ በ2015 የተመሠረተ የኩባንያዎች ኅብረት ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ብሎ ኤቪ1ን በ2018 አወጣ። ኤቪ1 ከኤች.264 ይበልጥ ያሳንሳል፤ ለማመቅ ግን ረዘም ያለ ጊዜና ብርቱ ኮምፒዩተር ይፈልጋል።

እንግዲህ ትምህርትን በቪዲዮ ለማስቀመጥ የሚያስብ ተማሪም ሆነ መምህር አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ኮዱ ክፍት ነውን? ዘዴውስ ያለ ክፍያ ነውን? ዛሬ የተቀረጸ ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በኋላ መታየቱ በአንድ ነጋዴ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።