የአእምሮ ሐኪምና የሥራ ፈቃዱ

በቆቦ ገበያ ማሽላና ጤፍ እየመዘነ የሚያድር ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ሳያሳድስ ሱቁን ለመክፈት አይደፍርም፤ ሚዛኑም የተዛባ እንደሆነ ገበሬው ዝም አይለውም። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን የወንድሙ ወይም የሾፌሩ አእምሮ በታወከ ጊዜ፣ «እኔ አድናለሁ» ላለው ሰው ሁሉ ፈቃዱን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ይቆጥራል። ገንዘብ የሌለውም በሬውን ይሸጣል። ነገሩ ለራያ ቆላ ሕዝብ ቀላል አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በቆቦ ላይ ደጋግሞ አልፏልና፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያጣውና በድንጋጤ የሚኖረው ሰው ጥቂት አይደለም።

ሐኪምን በፈቃድ ማሠራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 ሐኪሞች እንዲመዘገቡ ሲደነግግ፣ ሕዝብ ያወቃቸውን የአገር ባህል መድኃኒተኞች ግን፣ ሥራቸው ለሕይወት የሚያሰጋ እስካልሆነ ድረስ አልከለከለም። አስተዋይ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን የሚያሰጋውን ከማያሰጋው ማን ይለየዋል? በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ማንኛውም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይዝ እንዳይሠራ አዘዘ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም ጤና ሚኒስቴር ለአዲስ ተመራቂዎች የብቃት ምዘና ፈተና ይሰጣል። ያለ ሙያው አካሚ ሆኖ የተገኘ ሰው በወንጀል ሕግ ይቀጣል።

ፈቃድ ያለው ሰው በቅርብ አለመገኘቱ ግን ሌላ ችግር ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአእምሮ ሕሙማን ብቸኛ መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስትም በአገር ውስጥ መሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቆቦ ተነሥቶ በወልድያና በደሴ አልፎ እስከ አዲስ አበባ በሽተኛ ይዞ መጓዝ ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ እህል በዚያው መንገድ የጫነ ነጋዴ ያውቀዋል። ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ በቅርብ ያለ አስመሳይ ገበያ ያገኛል።

የባለሙያዎቹንም ስም መለየት ያሻል። ሳይካትሪስት የሚባለው ሐኪም ከሆነ በኋላ በአእምሮ ሕክምና የተማረ ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ነርስም በተፈቀደለት መጠን ያክማል። የሥነ ልቡና ምሁር በምክር ይረዳል እንጂ መድኃኒት አያዝም።

ካህኑን ስለ ጠበሉ፣ ሼሁን ስለ ዱዓው ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅም አይገባም። ብዙው ቤተ ሰብ ጸሎቱንና ኪኒኑን አብሮ ይዞ ይሄዳል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን «ኪኒኑን ጣል» ብሎ የሚያዝ፣ በሽተኛውን በሰንሰለት የሚያስር፣ ወይም ነጭ ካፖርት ለብሶ መርፌ የሚወጋ ሰው ከዚህ ወገን አይቆጠርም።

የባለሙያው ፈቃድ ስሙንና ሙያውን ይናገራል፤ እንደ ንግድ ፈቃድም ይታደሳል። አሳየኝ ማለት አያስነውርም፤ የተጠራጠረ ሰው ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያጣራ፣ በሬውን ከመሸጡ በፊት።