የበረሮ ጭራና የሶር ወንዝ

ማታ ወጥ ቤት ገብታችሁ መብራት ስታበሩ በረሮ ግድግዳው ላይ ታያላችሁ። ቀስ ብላችሁ ጫማ ታነሣላችሁ፤ ከኋላው ትጠጋላችሁ፤ ትሰነዝራላችሁ። በረሮው ግን አምልጧል። ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ መምጣታችሁን እንዴት አወቀ?

መልሱ ያለው ከኋላው ነው። የበረሮን የሆድ ጫፍ በደንብ ብትመለከቱ በግራና በቀኝ የወጡ ሁለት አጫጭር ጭራዎች ታገኛላችሁ። ተመራማሪዎች ሰርሳይ ይሏቸዋል። በትልቁ ቡናማ በረሮ ላይ እያንዳንዱ ጭራ በታችኛው ገጹ 200 ያህል እጅግ ቀጫጭን ፀጉሮች አሉት። የምትሰነዝሩት ጫማ ከፊቱ የሚገፋው አየር እነዚህን ፀጉሮች ያዘነብላቸዋል። መልእክቱም በወፋፍራም ነርቮች አማካኝነት ወደ እግሮቹ ይደርሳል፤ በረሮውም ነፋሱ ከመጣበት በተቃራኒ ዞሮ ይሮጣል። መሮጥ ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ የአንድ ሰከንድ 20ኛ ክፍል ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ጭራ ለበረሮው ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ጭራ ያላቸው ሌሎች ነፍሳትም ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ጠንክሮ መቆንጠጫ ሆኗል፤ ጠላት ይከላከሉበታል፣ የሚበሉትንም ይይዙበታል። የጊንጥ ጅራት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ በጎንና በጎን የበቀለ ተቀጥላ ሳይሆን ራሱ የሰውነቱ ቅጥያ ነው።

ድንጋዩን ገልብጡት

አሁን ከወጥ ቤት ወጥተን ወደ ወንዝ እንውረድ። በመቱ አካባቢ ሶር ወንዝ አለ፤ ፏፏቴውን ያላየ ሰው እንኳ ስሙን ሰምቷል። ሶር ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ ይሄዳል። ወደ እነዚህ ወንዞች የሚገቡ ብዙ ትናንሽ ጅረቶች አሉ። ከእንዲህ ያለው ጅረት ውስጥ አንድ ድንጋይ አውጥታችሁ ብትገለብጡ፣ ተጣብቀው የሚርመሰመሱ ትናንሽ ፍጥረታት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ከነዚህ አንዱ ሜይፍላይ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር የሚመስሉ ጭራዎች አሉት፤ በሆዱ ግራና ቀኝ ደግሞ የሚተነፍስባቸው ስስ ክንፍ መሳይ ነገሮች ተደርድረዋል። ዕድሜውን ከሞላ ጎደል በሙሉ በውኃ ውስጥ ይኖራል። ክንፍ አውጥቶ ከወጣ በኋላ አይበላም፤ ከጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት በኋላ ይሞታል። ሌላው ስቶንፍላይ ነው፤ እርሱ ሁለት ጭራዎች ብቻ አሉት። ሁለቱም በውኃው ውስጥ በሚገኘው ኦክስጅን ስለሚተነፍሱ፣ ውኃው ሲቆሽሽ በአብዛኛው ቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። የበረሮ ጭራ በረሮውን ያስጠነቅቃል፤ የእነዚህ ጭራ ግን እኛን ያስጠነቅቃል።

ቡናና ውኃ

ኢሉባቦር የቡና አገር ነው። ብዙው ቡና በፀሐይ ይደርቃል፤ የሚታጠብም አለ። እሸት ቡና ሲታጠብ ልጣጩና የሚያጣብቀው ጣፋጭ ፈሳሽ ከውኃው ጋር ይወጣል። ይህ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ይበሰብሳል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ደግሞ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በጎረቤታችን በጅማ ዞን ወንዞች ላይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የቡና ዝግጅት ፍሳሽ የወንዞቹን ውኃና በውስጡ የሚኖሩትን ነፍሳት እንደሚጎዳ አሳይቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቡና ወቅት ከማጠቢያው በላይ አንድ ቦታ፣ ከማጠቢያው በታችም አንድ ቦታ ምረጡ። በሁለቱም ቦታ አሥር አሥር ድንጋይ እየገለበጣችሁ ባለጭራዎቹን ቁጠሩ። ከላይ ብዙ ተገኝተው ከታች ከጠፉ፣ በመካከል የሆነ ነገር አለ። ውጤቱን ጻፉና ለማጠቢያው ባለቤትና ለቀበሌው አሳዩ። ፍሳሹን ወንዝ ሳይገባ በጉድጓድ ማጠራቀም፣ ልጣጩንም ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የውኃ ተርብ ዘመድ የሆነ አንድ ነፍሳት በሆዱ ጫፍ ሦስት ቅጠል መሳይ መተንፈሻዎች ስላሉት ከሜይፍላይ ጋር እንዳታምታቱት፤ እርሱ ቆሻሻን ይበልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ባለጭራዎቹ መገኘታቸው ውኃው ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ተቅማጥ የሚያመጡትን ጀርሞች እነርሱ አይነግሩንም፤ ስለዚህ የምትጠጡትን ውኃ አፍሉት።

ወገኖች ሆይ፣ ከላይ ያለው ሰው የሚጥለውን ከታች ያለው ጎረቤቱ ይቀዳዋል። ጎረቤታችን ከመታመሙ በፊት የሚነግረን ምልክት በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር አለ። ጎንበስ ብሎ ማየት የእኛ ፈንታ ነው።