ጠጋኞቹ መኪና ሲሠሩ

ጋና ውስጥ፣ ኩማሲ ከተማ፣ ሱዋሜ ማጋዚን የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈር ስላችሁ እንዳታሳንሱት! ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንጀራውን እንደሚያገኝበት የሚገመት፣ ከዳር እስከ ዳር ገራዥ በገራዥ የሆነ ቦታ ነው። የእኛን ሶማሌ ተራ በሐሳባችሁ ዘርጉት፤ አሁንም ዘርጉት። አውሮፓ የጠገበችው መኪና እዚህ ሲደርስ እንደገና ነፍስ ይዘራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሜለ ስሜትስ የተባለ ሆላንዳዊ የጥበብ ሰውና ዮስት ፋን ኦና የተባለ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ አንድ ጥያቄ ይዘው እዚህ ሰፈር ገቡ። የሰፈሩ መካኒኮች የሌላ አገር መኪና እንዲህ አድርገው ከጠገኑ፣ የራሳቸውን ቢሠሩ ምን ሊመስል ነው? ከሱዋሜ ባለሙያዎች ጋር በ3 ወር ገደማ መልሱን በብረት ሠሩት፤ ስሟ ቱርትል 1።

ጥያቄው ግን ለጨዋታ ያህል የተነሣ አይደለም። በድሮው መኪና ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ሞተሩ ሲያስነጥስ መካኒኩ ጆሮውን ይሰጣል፣ ካቻቢቴ ያነሣል፣ አንዷን ቪት ትንሽ ያዞራል፣ እንደገና ያዳምጣል። አለቀ። በአዲሱ መኪና ግን ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው፤ ሴንሰሮቹ የነገሩትን ይሰማል እንጂ የመካኒኩን ጆሮ አያውቅም። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ መመርመሪያው መሣሪያ ከሌላችሁ ቆማችሁ ማየት ነው። እንዲህ ያለው መኪና በበዛ ቁጥር በእጅና በጆሮ የተካበተው የሱዋሜ ሙያ ገበያ ያጣል። ስለዚህ ቱርትል 1 ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር የላትም። ጠንካራ ናት፣ ጭነት ትችላለች፣ የተሠራችውም እዚያው ሰፈር ከሚገኝ መለዋወጫ ነው። ብትበላሽ የሚጠግናት ሞልቷል ማለት ነው።

እኔን በጣም የገረመኝ ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ሱዋሜ ውስጥ በያጁ፣ ባትላሜራው፣ ወንበር ሰፊው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉም የየራሱ ቤት አለው። መኪናው ከበር በር ይዞራል፤ አንዱ የጀመረውን ጎረቤቱ ይቀጥላል። ለአዲስ መኪና የሚያስፈልገው ሙያ ሁሉ ቀድሞም ነበር፤ የጎደለው «እስቲ ከባዶ እንሥራ» ብሎ የሚያዝ ደንበኛ ነበር። የጥበብ ሰው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ነጋዴ የማያዝዘውን ያዝዛል። (ዝናው ግን አሁንም ወደ ፈረንጆቹ ያደላል። እኔም እስካሁን በስም የጠራሁት እነሱን ብቻ ነው።)

ቱርትል 1 በብዛት ለመመረት አልበቃችም። ብትመረትም ርካሽ አሮጌ መኪና በመርከብ እየገባ በዋጋ መፎካከር ከባድ ነው።

ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ ኤሪክ ፋን ሆቭ የተባለ ቤልጂጋዊ ነገሩን ገለበጠው። ላራኪ ፉልጉራ የተባለችው የሞሮኮ የስፖርት መኪና ሞተሯ ከጀርመን የመጣ የመርሰዲስ ቪ12 ነበር። እሱም ከ40 በላይ የእጅ ባለሙያዎችን ይዞ ያንኑ ሞተር በዝግባ፣ በነሐስ፣ በአጥንት፣ በፍየል ቆዳ እያንዳንዷ ብሎን ሳትቀር አስቀረጸው። አይነሣም፤ እንዲነሣም አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 ማራኬሽ ላይ ለእይታ ቀረበ። በኋላ ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ማህጁባ የተሰኘ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ጀመረ፤ ይህኛው የሚነዳ ነው።