እጅ ሊጥ ላይ፣ ጆሮ ሩጫ ላይ



የዛሬው ርእሳችን ከወትሮው ቀለል ያለ ነው። ስለ ስፖርት ነው። ስለ ስፖርተኛው ሳይሆን ግን ስለ ተመልካቹ፤ ከተመልካቾችም ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ እናነሳለን። ይህ ሰው የክለብ ማሊያ የለውም። የተጫዋቾችን ስም ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ አይደረድርም። የቤት ሥራውን እየሠራ ጆሮውን ጣል ያደርጋል፤ «ማን ይሆን የሚቀድመው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያሸነፈውን ያደንቃል፤ ከዚያም ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። ኳስ አዋቂ ነን የሚሉት ወንድሞቻችን «አንተ ምኑን ታውቀዋለህ!» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን የስፖርትን ደስታ ያለ ጉዳት የሚወስደው ይኸው ሰው ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም እናቀርባለን።

እኛም ከዚሁ ወገን መሆናችንን መደበቅ አያስፈልግም። ሌላም አለ፤ ዳቦ እንጋግራለን። በዳቦ ቤት ሳይሆን በቤታችን፣ በምጣድ። እዚህ አማኑኤል ወንድ ልጅ እጁን ሊጥ ውስጥ ሲከት ማየት የተለመደ ባለመሆኑ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ። አስወድ የተባሉ ታቢዒይ እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ቢጠይቋቸው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ወቅት ሲደርስ ደግሞ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ነግረዋቸዋል። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስለዚህ ሳቁን ለጎረቤት ትተን ወደ ሊጣችን እንመለስ።

ሊጥ የነካ እጅ የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ አይነካም። ስለዚህ ለጋጋሪ ተመልካች ከሁሉ የሚስማማው ሬዲዮ ነው (ይህን የምንለው በሬዲዮ ስለምንናገር ብቻ አይደለም)። በ1980 ዓ.ል. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ፣ በየገጠሩና በየከተማው የነበረው ሕዝብ ጨዋታውን «ያየው» በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ወጥ እያማሰሉ ያዳመጡ እናቶች ከዚያ ደስታ የቀረባቸው ነገር አልነበረም።

ሩጫ ደግሞ ከኳስም ይልቅ ለጆሮ ይመቻል፤ ምክንያቱም ቁጥር ነው። የ10,000 ሜትር ውድድር በ400 ሜትር መሮጫ ላይ 25 ዙር ነው። አንዱን ዙር በ65 ሰከንድ የሚሮጥ ሰው ሁሉንም በ27 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይጨርሳል። ይህችን አንዲት ስሌት የያዘ አድማጭ ዘጋቢው «ይህ ዙር በ68 ሰከንድ ተሮጠ» ሲል ሩጫው እንደ ቀዘቀዘ ይገባዋል። ሩጫ ሲቀዘቅዝ የሚጠቀመው በመጨረሻው ዙር መፈትለክ የሚችለው ነው፤ ይህ ችሎታ የሌለው ሯጭ ደግሞ ከመሐል ጀምሮ ካላፈጠነና ሌሎቹን ካላደከመ ተስፋ የለውም። ከፊት የሚመራውም ነፋሱን በደረቱ እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ከኋላው ከተጠለለው የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ልጆቻችን «ለምን መጀመሪያ አይቀድምም?» እያሉ የሚጠይቁት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ል. (2000 እ.ኤ.አ.) በሲድኒ የሆነውን እናስታውስ። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ቀድሞ ፈተለከ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ተከተለው፤ እስከ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ድረስም ከኋላው ነበር። ከዚያ ደረሰበት። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ወጣ። ዐሥር ኪሎ ሜትር ተሮጦ ልዩነቱ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ! በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች የ100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር፤ 0.12 ሰከንድ ነበርና። ይህን ለመደነቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ከዳቦ ጋር ምን አገናኘው የሚል አድማጭ ይኖራል። ዳቦ መጋገር አብዛኛው መጠበቅ ነው። ድፎ ዳቦ ለመጋገር ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ያልሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥቂት ዘይት፣ ለብ ያለ ውኃ ደግሞ ከግማሽ ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ እንወስዳለን። ሊጡ በደንብ መታሸት አለበት። ስንዴ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ውኃ ሲያገኝና ሲታሽ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ እርሾው የሚያወጣውን አየር አፍኖ የሚይዘው ይህ መረብ ነው። የወንዶች የ5,000 ሜትር ሩጫ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለማቋረጥ ካሹት ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን ይተዋል። ኩፍ ካለ በኋላ እንደገና ተደፍቆ ምጣዱ ላይ ሲዘረጋ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያርፍበት ጊዜ የ10,000 ሜትሩን ያህል ነው። የመጀመሪያው ኩፍታ በእኛ ክረምት የማራቶንን ያህል ይቆያል። እኛ ሰዓታችንን በዚህ መለካት ከለመድን ቆይተናል፤ ሰዓት የሚጠቀም ይጠቀም።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ላይ ያስረዳናል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሴሎች ያበዛል። ከዚህ ተነሥቶ ዝቅ ወዳለ አገር ወርዶ የሚሮጥ ሰው ትርፍ ስንቅ ይዞ እንደ ሄደ ነው። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የእኛ ማቻከልም በቆጂን በሆነች ነበር። በበቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ልጆችን ንጋት ላይ እየሰበሰቡ ዓመታት የለፉ ሰው።

ያው የሳሳ አየር ሊጡንም ይነካዋል። ከላይ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ አየሩ በቀላሉ ይነፋዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሳናስበው ከልኩ አልፎ ይነፋና ምጣድ ላይ ሲገባ ይረግፋል። በዚያ ወቅት እርሾውን መቀነስ ይበጃል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል፤ ያን ጊዜ ዕቃውን ሸፍኖ ወደ ምድጃው ማስጠጋት ነው። ውኃም በእኛ አገር በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ይፈላል፤ እርጥበቱ ቶሎ ይሸሻል። የኮባ ቅጠል እዚህ ላይ ነው ውለታው፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ የታችኛውንም ገጽ ከማረር ይጠብቃል። እናቶቻችን ቴርሞ ሜትር ሳይኖራቸው ይህን ያወቁት እንዴት እንደ ሆነ ማሰብ ያስደንቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ል. (2024 እ.ኤ.አ.) እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ተጀመረ። በአዳማ ተወልዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በልጅነቷ ከአገር የወጣችው፣ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በዚያው ሳምንት በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጥታለች። ከ10,000ው አንድ ቀን ተኩል እንኳ ሳይሞላ ማራቶኑን ጀመረች። መጨረሻ ላይ ከእኛዋ ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ብቻቸውን ቀሩ፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ፤ ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ትዕግሥት ሦስት ሰከንድ ብቻ ተቀደመች። የኢትዮጵያ ቡድን ስለ መጋፋቱ አቤቱታ አቀረበ፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። ሲፋን ሜዳሊያዋን የተቀበለችው በሒጃብ ነበር።

አድማጮቻችን፣ ከዚያ በኋላ በየቤቱ የተነሣውን ክርክር ታስታውሳላችሁ። አንዱ «ሲፋን የእኛ ናት፤ ሙስሊም ናት፣ የአዳማ ልጅ ናት» ሲል፣ ሌላው «ትዕግሥት ናት የእኛ፤ ባንዲራችንን የለበሰችው እሷ ናት» አለ። ክርክሩ ስድብ የሆነበትም አለ። ለመሆኑ ትዕግሥት ቀድሞ የ800 ሜትር ሯጭ እንደነበረችና በ2023 እ.ኤ.አ. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን እንደ ሰበረች ያነሣ ስንቱ ነው? ሲፋንስ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ የረመዷን ጾም ባበቃ በሦስተኛው ቀን፣ በለንደን ጎዳና ላይ ሕመም ይዟት ቆማ ዳሌዋን ካፍታታች በኋላ ተነሥታ ማሸነፏን ያነሣ? ወገን የያዘ ሰው የሚያየው ግማሹን ሩጫ ነው። ሊጡን እያሸ ያዳመጠው ሰው ሁለቱንም ሴቶች አየ።

መሸነፍን በተመለከተ ሰሓቦችም ተፈትነዋል። ዐድባእ የተባለችው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመል አትቀደምም ትባል ነበር፤ አንድ የገጠር ሰው በግልገል ግመሉ ቀደማት። ሰሓቦች ከበዳቸው። ነቢዩ ግን በዚህ ዓለም ከፍ ያለ ነገር ሁሉ አላህ ዝቅ ሳያደርገው እንደማይቀር ነግረው አረጋጓቸው። ሰውየው አልተወቀሰም፤ ውድድሩም ይደገም አልተባለም።

ሌላው ለእኛ ለሐበሾች የሚቀርበን ታሪክ በመዲና መስጂድ በዒድ ቀን የሆነው ነው። ሐበሾች በጦር ይጫወቱ ነበር፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በነቢዩ ትከሻ በኩል ሆነው ይመለከቱ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኛን የሚስበን ነገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አለማቻኮላቸው ነው፤ እሳቸው እስኪጠግቡ ድረስ ቆመውላቸዋል። ልብ በሉ፣ ማየቱ የሚያበቃው ተመልካቿ ሲበቃቸው ነው። በቃኝ ማለት የሚችል ተመልካች ማለት ይህ ነው። ዛሬ አባወራው ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄዳል፤ ባለቤቱና ሴቶች ልጆቹ ቤት ይቀራሉ፤ ስፖርት የወንድ ብቻ ይመስላል። የእንግሊዝ የቅዳሜ ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእነሱ 9 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር በክረምታቸው በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም መግሪብ ላይ ነው። ቤቱ ሆኖ በግማሽ ጆሮ የሚያዳምጠው ተነሥቶ ይሰግዳል። አግዳሚ ላይ ተጣብቆ፣ ብር ከፍሎ የተቀመጠው ግን መነሣት ይከብደዋል።

ከሁሉ የባሰው ግን ቤቲንግ ነው። ባለፉት ዓመታት በየከተማው የተስፋፋው ውርርድ ቁማር መሆኑ አያከራክርም፤ በሱረቱል ማኢዳ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ ተከልክሏል። ሂሳቡን ግን ለወጣቶቻችን እናሳያቸው። ዐሥር ጨዋታ የያዘ ቲኬት የሚቆርጥ ልጅ እያንዳንዱን ጨዋታ ከመቶ ስልሳ የመገመት ችሎታ አለው እንበል፤ ይህም ትልቅ ችሎታ ነው። ዐሥሩም በአንድ ላይ የሚሳኩለት ከሺህ ቲኬት በስድስቱ ብቻ ነው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራቱ ይቀደዳል። ከዚህም በላይ ያ ልጅ ጨዋታውን ማየት ያቆማል። የሚያየው ቲኬቱን ነው፤ የሚያምር ግብ ቢገባበት እንኳ ይራገማል። የማወቅ ጉጉት ብቻ ይዞ የሚመለከተው የማያጣውን ደስታ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ያጣዋል። ወላጆች ሆይ፣ ልጁን «ኳስ አትይ» ከማለት ይልቅ ሬዲዮኑን ወይም ቴሌቪዥኑን ወደ ቤት አምጡና ከእሱ ጋር ዙር ቁጠሩ።

ስለ ዳቦው የቀረን ነገር አለ። እሳቱ ከላይም ከታችም ለስለስ ያለ ይሁን፤ አንድ የኳስ ጨዋታ አጋማሽ ያህል፣ ማለትም 45 ደቂቃ፣ ትልቅ ከሆነም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መብሰሉን ለማወቅ ኮባውን ገልጦ ከሥሩ በጣት ማንኳኳት ነው፤ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ መሐሉ ገና ሊጥ ነው። ካወጣችሁት በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ አትቁረሱት።