የማግኔት ንቅናቄና መርገብ

ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ማግኔት የሚሆኑት የኤሌክትሮኖቻቸው ስፒን እርስ በርሱ ተሳስቦ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሰለፍ ነው። ሰልፉ ግን ዝም ብሎ የቆመ አይደለም። ከመስመሩ ፈቀቅ ያለ ስፒን፣ ልትቆም የደረሰች እንዝርት ዘንበል ብላ እንደምትዞር፣ በመግነጢሳዊው መስክ ዙሪያ ይሽከረከራል። መስኩ 1 ቴስላ ከሆነ በሰከንድ 28 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል! የአንዱ መዛባት ለጎረቤቱ ስለሚተርፍም ንቅናቄው በማግኔቱ ውስጥ በሞገድ መልክ ይጓዛል። ፌሊክስ ብሎክ ይህን የስፒን ሞገድ በቀመር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ የሞገዱ ትንሿ የኃይል ድርሻ ዛሬ ማግኖን ትባላለች።

እኔን ከሞገዱ አነሣሥ ይልቅ አሟሟቱ ይስበኛል። ፐርማሎይ የሚባለውን፣ 80 በመቶው ኒኬል 20 በመቶው ብረት የሆነ ቅይጥ እንውሰድ። ስስ ንጣፉ ከተነቀነቀ በኋላ በጥቂት ናኖ ሰከንድ ውስጥ ይረጋል። የመርገቡን ፍጥነት ላንዳውና ሊፍሺትዝ በ1935 በእኩልታ አስገቡት። በ1955 ደግሞ ቶማስ ጊልበርት፣ ስፒኑ በፈጠነ ቁጥር የሚበረታ ተቃውሞ እንዳለ አድርጎ እኩልታውን አሻሻለው። የተቃውሞው ልክ አልፋ ይባላል። ጊልበርት የያኔውን ሥራ በተሟላ ጽሑፍ ያሳተመው በ2004 መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

አልፋ የሚለካው እንዲህ ነው። ንጣፉ ማይክሮዌቭ በሚያልፍበት የመዳብ መስመር ላይ ይቀመጥና መግነጢሳዊው መስክ ቀስ በቀስ ይቀየራል። የስፒኖቹ ዙረት ከማይክሮዌቩ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ንጣፉ ኃይሉን ይውጠዋል፤ በግራፉ ላይም ጉድጓድ ይታያል። ቶሎ የሚረግብ ማግኔት ጉድጓዱ ሰፊ ነው። ነገር ግን የንጣፉ ወጣ ገባነት ብቻውን ጉድጓዱን ሊያሰፋው ስለሚችል አንድ ልኬት አይበቃም። በተለያየ ድግግሞሽ እየለኩ ስፋቱ በምን ያህል እንደሚጨምር ማየት ያስፈልጋል፤ አልፋ የሚገኘው ከጭማሪው ነው። ጄምስ ግሪፊትስ ይህንን ኃይል የመዋጥ ክስተት በብረት፣ በኮባልትና በኒኬል ላይ ያስመዘገበው በ1946 ነበር።

ታዲያ ኃይሉ የት ይሄዳል? በብረታ ብረት ውስጥ ተጠያቂዎቹ በነጻነት የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው። የኤሌክትሮን ስፒን ከራሱ የምህዋር እንቅስቃሴ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ፣ ማግኔቱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል። እነሱም እየተጋጩ ቦታቸውን ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሁልጊዜ ግን ትንሽ ይዘገያሉ። ያ መዘግየት ነው ሙቀት የሚሆነው። ቭላዲሚር ካምበርስኪ ይህን በ1970 አብራርቷል። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ይትሪየም አይረን ጋርኔት እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኖች ስለሌሉት፣ የፐርማሎይ አልፋ 0.008 ገደማ ሲሆን የእርሱ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ሊያንስ ይችላል።

ስለዚህ ብረታ ብረት ለዝግተኛ መርገብ አይሆንም የሚል እምነት ሰፍኖ ነበር። በ2016 ግን አንድ አራተኛው ኮባልት፣ ቀሪው ብረት የሆነ ቅይጥ አልፋው 0.0005 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ወሳኝ በሆነው የኃይል ደረጃ ላይ ኤሌክትሮኖች የሚይዙት ቦታ ጥቂት በመሆኑ ነው።

ዝቅተኛ አልፋ ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ማግኔትን በኤሌክትሪክ ጅረት ገልብጦ መረጃ ለሚይዘው ኤምራም አልፋ ባነሰ ቁጥር የሚፈለገው ጅረት ይቀንሳል። ቶሎ መርጋት ለሚፈለግበት ክፍል ደግሞ በፐርማሎይ ላይ ጥቂት ተርቢየም ይጨመራል፤ አልፋው በእጅጉ ከፍ ይላል። ከስስ ንጣፍ አጠገብ ፕላቲነም ማድረግም እንዲሁ ያደርጋል፤ የሚሽከረከረው ማግኔት ስፒኑን ወደ ፕላቲነሙ ያፈስሰዋልና።